ከርከሮንና የዱር አሳማን በውሻ ስለ መከላከል

በጎንደር ከተማ ዙሪያና በሰሜን ደጋዎች የሚኖር ገበሬ፥ ክረምቱን በዝናብና በጭቃ ደክሞ ያበቀለው አዝመራ እሸት በያዘ ጊዜ ዕረፍት ያገኛል ማለት አይደለም። ይልቁንም ሌላ ድካም ያን ጊዜ ይጀመራል፤ ቀን ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፥ ሌሊት ሌሊት ጃርትና የዱር አሳማ ይመጡበታልና። አባት በማማ ላይ ያድራል፤ ልጅ ወንጭፍ ይዞ በማሳው ዳር ይውላል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አባትም ለአጨዳ የሚያስፈልገውን ጉልበት በእንቅልፍ ማጣት ይጨርሰዋል። ይህም ሁሉ ተደርጎ አንድ የአሳማ መንጋ ጨለማን ተገን አድርጎ የገባ እንደ ሆነ፥ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚረግጠውና የሚገለብጠው ደግሞ ብዙ ነው። በቆሎ ይሰብራል፤ ድንች ይምሳል፤ ባቄላ ከነሥሩ ይነቅላል።

ከዚህ የተነሣ አዳኝ ውሻ አሳድጎ ጠላቱን ለማራቅ ማሰብ የተገባ ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚጀምሩት ሹማምንትና ባለይዞታዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ባለቤት የሌለው፥ ማሰሪያ የማያውቅና ክትባት ያላገኘ ውሻ ከአሳማው ይልቅ ለአገር የሚጎዳ መሆኑ ነው። አሳማ የአንድ ዓመት እህል ያጠፋል፤ ያበደ ውሻ ግን ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ስለዚህ ጥቂት ሆነው በሚገባ የተያዙ ውሾች ከብዙ መንጋ ይሻላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታደነውን አውሬ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ሰው አፍ ከርከሮና የዱር አሳማ አንድ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ከርከሮ ጠጕሩ የሳሳ፥ በፊቱ ላይ ኪንታሮት የመሰለ እባጭ ያለው፥ ክራንቻው ወደ ላይ የታጠፈ፥ በቀን የሚሰማራ እንስሳ ነው። በሜዳማና በቆላማ አገር፥ ይልቁንም ወደ መተማና ወደ ቋራ በሚወርደው ቆላ ይኖራል። ሌሊቱን በጉድጓድ ያድራል፤ ሲገባም ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ በኋላው ይገባል። ስለዚህ ውሻውን ወደ ከርከሮ ጎሬ የሚሰድድ ሰው፥ ውሻውን በቀጥታ ከክራንቻው ላይ መጣሉ ነው።

የዱር አሳማ ግን ጠጕሩ የበዛ፥ በጀርባው ጋማ ያለው፥ ቀኑን በጥሻ ውስጥ ተኝቶ የሚውል፥ ሲመሽ የሚወጣ ነው። ክራንቻው አጭር ስለ ሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ነገር ግን የታችኛው ከላይኛው ጋር እየተፋተገ እንደ ምላጭ ይሳላል። ሴቲቱ 4 ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም በልጅነታቸው በሰውነታቸው ላይ መስመር አላቸው። እናቲቱ ብቻ ሳትሆን አውራውም ለግልገሎቹ ይዋጋል። በ1855 ዓ.ም. ገደማ ሆይግሊን የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ይህን አውሬ በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባ «ሐሰማ» ብሎ ሰይሞታል፤ ይኸውም የሰሜኑ ሕዝብ ከሚጠራበት ስም የተወሰደ ነው። በደጋው ገደላገደልና በወንዝ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ወጥቶ ማሳ የሚያጠፋው በአብዛኛው ይኸው ነውና፥ ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ እርሱ ነው።

ጎንደር የነገሥታት ከተማ በነበረችበት ዘመን አደን ታላቅ ክብር ነበረው። ዳግማዊ ኢያሱም አደንን እጅግ ይወድ እንደ ነበር ይነገራል። ዝሆን፥ አንበሳ፥ አውራሪስ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ይሞገስ ነበር፤ አሳማ በመግደል የሚገኝ ማዕረግ ግን አልነበረም። ሥጋውንም ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም። በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ይህን ነገር አስተውሏል። በረግረግና በዱር በተሸፈነ ወንዝ ዳር የዱር አሳማ ብዙ ጊዜ እንደሚገኝ፥ ርኩስ ተብሎ ስለሚቈጠርም አዳኝ እንደማያሳድደው ጽፏል። ካልታደነ ዘንድ እጅግ መብዛት ሲገባው ያልበዛው ምናልባት ጅብ ግልገሎቹን ስለሚበላ ይሆናል ብሎም ገምቷል። ግምቱ ዛሬም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ነብርና ጅብ የአሳማን ግልገል ይበላሉና፥ እነርሱን በመርዝ ያጠፋ አገር አሳማን እንደ ረዳ ይቈጠራል።

እንግዲህ ማዕረግና ሥጋ የማይገኝበት አደን ስለ ሆነ፥ በአገሩ ለአሳማ ተብሎ በዘር የተለየ ውሻ አልኖረም። በሌላው ዓለም ግን ይህ ሥራ ታላቅ ሙያ ነው። በጀርመን አገር በቀድሞ ዘመን መሳፍንት ትልልቅ ውሾችን ለዱር አሳማ ያሳድጉ ነበር። በአርጀንቲና ከ1920 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድ የኮርዶባ ሐኪም የተለያዩ ዘሮችን አዳቅሎ «ዶጎ» የሚባለውን ነጭ ውሻ ለዚሁ አደን አውጥቷል። በአሜሪካ፥ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድም ገበሬዎች ለእርሻቸው ጥበቃ የአሳማ ውሻ ይይዛሉ። በእነዚህ አገሮች ሥራው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ውሻ ዱካ አነፍንፎ አሳማውን ያገኛል፤ ራቅ ብሎም ከቦ ይጮኻል፤ ሰው እስኪደርስ ያቆመዋል። ሁለተኛው ጆሮውን ወይም ጕንጩን ነክሶ የሚይዝ ኀይለኛ ውሻ ነው።

ለጎንደር ደጋ የሚያስፈልገው ፊተኛው ብቻ ነው። የሚይዝ ውሻ ብዙ ሥጋ ይፈልጋል፤ የቈዳ ደረት መከላከያ ያሻዋል፤ ብዙ ጊዜም ይቈስላል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ፥ መያዝን የለመደ ውሻ የጎረቤት ጥጃና የእረኛ ልጅ ላይ ቢመለስ የሚያስጥለው አይገኝም። ባለጸጋ ሰው ከውጭ አገር ትልቅ ውሻ አስመጥቶ ለመጀመር ቢያስብ፥ በደባርቅ ከ2700 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ጠጕሩ አጭር የሆነ ውሻ ሌሊቱን በማሳ ዳር እንዴት እንደሚያድር አስቀድሞ ያስብ። በጥቂት ምግብ የሚኖር፥ ብርዱንም ዳገቱንም የለመደ የአገር ውሻ በየመንደሩ አለ። የጎደለው ዘር አይደለም፤ የሚያሠለጥነው ሰው ነው።

ቡችላ ሲመረጥ መልኩን ከማየት እናቱን መመርመር ይበልጣል። እናቲቱ ሌሊት ነቅታ የምትጮኽ፥ ጌታዋ ሲጠራት የምትመለስ፥ በበግና በፍየል መካከል ያለ ጠብ የምትውል ከሆነች፥ ልጇ ግማሹን ትምህርት ከቤቱ ይዞ ይመጣል። በግ የነከሰች እናት ልጅ ግን መልኩ ቢያምርም አይወሰድ። ቡችላው 8 ሳምንት ሲሆነው ከእናቱ ይለያል። እጅ ሲያጨበጭቡ የሚደነግጠው ብዙ ነው፤ ደንግጦ ወዲያው ድምፁ ወደ መጣበት የሚመለሰው ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሳይደነግጥ ዘሎ የሚነክሰውን ብዙ ሰው ጀግና ብሎ ይመርጠዋል፤ እንዲህ ያለው በመጀመሪያው አደን የሚሞተው ነው። ሲያድግ ከ20 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን፥ ደረቱ ሰፊ፥ እግሩ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ ውሻ ይበቃል። ከአንድ እናት ወንድና ሴት መውሰድ ያለ ጊዜው ዘር ያበዛልና፥ ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት ማሳደግ ይሻላል።

ምግቡን በሚመለከት የአገሩ ልማድ ውሻን በፍርፋሪና በወደቀ ጥንብ ማኖር ነው። የተራበ ውሻ ግን ከማሳው ይልቅ ወደ ሥጋ ቤትና ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳልና የጥበቃ ሥራ አይጠብቁበት። አጓት፥ ንፍሮ፥ የተቀቀለ ቅንጥብጣቢ ሥጋና የእንጀራ ትራፊ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት፥ በራሱ ገበታ፥ ከሰው ዕቃ ተለይቶ ይሰጠው። የታረደ በግ አንጎል፥ እንዲሁም ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ፈጽሞ አይገባም። በበጎች ላይ የሚታየው አዙሪት የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከውሻ ሆድ ከሚወጣ የኮሶ ትል እንቍላል ነው። አንጎሉን የበላ ውሻ ትሉን በሆዱ ያሳድጋል፤ እንቍላሉን በግጦሽ ላይ ይጥላል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው ጊዜ ሁሉ የትል መድኃኒት መስጠት ውሻውን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን በጎች መጠበቅ ነው።

ትምህርቱ ከአሳማ አይጀመርም፤ ከበግ ይጀመራል። ይህን ነገር ብዙዎች ገልብጠው ስለሚጀምሩ ከጎረቤት ጋር ይካሰሳሉ። ቡችላው ከ3 ወሩ ጀምሮ በጠፍር ታስሮ ከበግ ግልገሎች አጠገብ ይዋል፤ በየቀኑም በመንጋው መካከል በማሰሪያ ይመራ። ሊያባርር ሲቃጣው ሁልጊዜ በአንድ ቃል፥ ለምሳሌ «ተው!» ተብሎ ይገታ። ዱላ ውሻን ጌታውን እንዲፈራ እንጂ በጉን እንዲተው አያስተምረውም። ቀጥሎ በፉጨት መጠራትን ይማር፤ በተጠራና በመጣ ቍጥር ቍራሽ ይቀበል። በግ እያየ የማይጎመጅ፥ በፉጨት የሚመለስ ሳይሆን አንድም ውሻ ከማሰሪያ አይፈታ።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ፥ ውሻው 6 ወይም 7 ወር ሲሆነው፥ የአሳማ ቈዳ ቍራጭ በገመድ ታስሮ በሣር ላይ 100 እርምጃ ያህል ይጎተትና በመጨረሻው ይደበቅ። ውሻው ሽታውን ተከትሎ ሲያገኘውና ሲጮኽ ይመስገን፤ ቈዳውን ሊቦጫጭቅ ሲጀምር ግን ይራቅ። የሚፈለገው ጩኸቱ ነውና። እየቈየ መንገዱ ይርዘም፤ ይጠምዘዝ፤ በፈፋ ይሻገር። አንድ ዓመት ሳይሞላው ወደ እውነተኛ አሳማ አይውጣ፤ ሲወጣም ሥራ ከሚያውቅ ትልቅ ውሻ ጋር ይሁን። በመጀመሪያ ቀን በአውራ የተወጋ ወጣት ውሻ ቢድን እንኳ ዳግመኛ ወደ ጥሻ አይገባም።

ውሻው ከሠለጠነ በኋላ የሚበልጠው ሥራ ማሳደድ ሳይሆን ማስጠንቀቅ ነው። አሳማ ወደ ማሳ የሚገባው በአብዛኛው ከጥሻው በኩል በለመደው መንገድ ነው፤ የኮቴው ምልክትና የተገለበጠው አፈር ይመሰክራል። በማሳውና በጥሻው መካከል ያለው ቁጥቋጦ 30 እርምጃ ያህል ይመንጠር፤ አሳማ ግልጥ ቦታን በጥርጣሬ ይሻገራልና። በሁለቱ ማዕዘኖች ውሻ በረዥም ገመድ ይታሰር፤ ዝናብ የሚከለክል ትንሽ ጎጆም ይሠራለት። ሽታ ሲሸትተው ይጮኻል፤ ጠባቂውም ከማማው ሆኖ ችቦ ያበራል ወይም ቆርቆሮ ይመታል፤ መንጋውም ብዙ ጊዜ ሳይገባ ይመለሳል። በአንድ ስፍራ ብቻ የታሰረ ውሻ እንደማይደርስበት አሳማው ቶሎ ይማራልና፥ በየሁለትና በየሦስት ሌሊት ስፍራው ይለወጥ። የተመለሰ አሳማ ለገበሬው እንደ ተገደለ ያህል ነው። ጎረቤታሞች በወንፈል ተራ ቢገቡ ደግሞ በአምስት ማማ ፈንታ ሁለት ይበቃል፤ ልጆቹም ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ።

እምቢ ብሎ የሚመላለስ መንጋ ሲኖርና ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ወደ አደን ይኬድ። የሚኬደውም ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሽታው ትኩስ፥ አየሩም ቀዝቃዛ ነውና። ነፋሱ ከጥሻው ወደ ውሾቹ እንዲመጣ ሆኖ ከታች በኩል ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት ውሻ ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ሰዎቹ በየመውጫው በዳር በኩል ይቁሙ እንጂ በመንገዱ ላይ አይቁሙ፤ የተባረረ አሳማ ያገኘውን ጭን ገምሶ ያልፋል። በጦር የሚቀርበው አንድ የተመረጠ ሰው ነው። ውሾች በከበቡት አውሬ ላይ ጠመንጃ መተኰስ ውሻውን ወይም ማዶ የቆመውን ሰው መግደል ስለ ሆነ አይፈቀድ። ግልገል የያዘችን እናት መክበብም ለውሻውም ለሰውም አደጋ ነው።

ውሻ የቈሰለ እንደ ሆነ ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይቁም፤ ቍስሉም ፈልቶ በቀዘቀዘ፥ ጥቂት ጨው በገባበት ውኃ ይታጠብ። የክራንቻ ቍስል አፉ ጠባብ፥ ውስጡ ጥልቅ ነውና፥ ሳይጠራ ቢሰፋ መግል ይቋጥራል፤ ስፌቱን ለእንስሳት ሐኪም መተው ይገባል። የተገደለውም አሳማ በሜዳ አይጣል። በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ለውሻ የሚሰጥ ሥጋ ቢኖር እንኳ በሚገባ ሳይቀቀል አይሰጥ፤ በጥሬ ሥጋው ውስጥ ትል ሊኖር ይችላልና።

ከሁሉ የሚከብደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በታመመ እንስሳ ምራቅ፥ በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፓስተር በ1877 ዓ.ም. ክትባቱን በሰው ላይ ከሞከረ ጀምሮ ግን ከንክሻ በኋላ ወዲያው ክትባት የተደረገለት ሰው ይድናል። አዳኝ ውሻ በዱር ከቀበሮና ከጅብ፥ በከተማም ጌታ ከሌላቸው ውሾች ጋር ስለሚገናኝ ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የቀረበ ነው። ስለዚህ 3 ወር ሲሆነው ይከተብ፤ በየዓመቱም ይደገም። በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 የተከተቡ እንደ ሆነ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣልና፥ የአዳኞቹን ብቻ ከትቦ የመንደሩን መተው ከንቱ ነው። የጠባይ መለወጥ የታየበት ውሻ፥ ያለ ምክንያት የሚነክስ ወይም መንጋጋው ተንጠልጥሎ ምራቁ የሚዝረበረብ፥ ወዲያው ተለይቶ ይታሰርና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ጸበል መጠመቅና ጸሎት ማድረግ የሚከለከል አይደለም፤ ነገር ግን ክትባቱን ለአንድ ቀን እንኳ ሊያዘገየው አይገባም። ሥር ለመጠጣት በተባከነ ሳምንት የጠፋ ሕይወት ብዙ ነው። በጎንደር የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱም ስለሚገኙ፥ የደጋ ወረዳዎች ሹማምንት ክትባትና ምክር ለመጠየቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም።

በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ያሉት ወረዳዎች፥ እነ ደባርቅ፥ ጃናሞራና በየዳ፥ ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው። በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1825 ዓ.ም. ግድም በዚያ አገር ተዘዋውሮ ከመለሰ በኋላ በሳይንስ ስሙ የሰሜንን ስም አስይዞታል። ዛሬ በአገሪቱ ሁሉ የቀረው ቍጥሩ ከ500 ያነሰ ነው። በባሌ በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ገብቶ በጥናት ላይ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል፤ በ1996 ዓ.ም.ም ተመልሷል። በሰሜን ያሉት ከባሌዎቹ እጅግ ጥቂት ስለ ሆኑ፥ አንድ ያበደ አዳኝ ውሻ የሚያደርሰውን ጥፋት ለመገመት አያዳግትም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሏል፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በክልሉ ውስጥ አደን ክልክል ነው፤ ከፓርኩ ጥሻ ለሚወጣ አሳማም ውሻው ድንበሩ ላይ ታስሮ ይጩኽ እንጂ ወደ ውስጥ አይለቀቅ። ከፓርኩ ውጭም ቢሆን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541 አደንን ያለ ፈቃድ የከለከለ ነውና፥ ጉዳቱ ታይቶ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አደን የሚያዝዝ ሹም ራሱ ተጠያቂ ይሆናል።

አንድ ቀበሌ ለመጀመር አራት ውሻ ቢይዝ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ስመ ጥር የሆነ አንድ ባለቤት ይታወቅለት፤ የውሻው መልክ፥ የተወለደበት ወር፥ የተከተበበት ቀንና የባለቤቱ ስም በቀበሌው መዝገብ ይጻፍ፤ ባንገቱም የቈዳ ማተብ ይታሰርለት። በግ ወይም ፍየል የነከሰ እንደ ሆነ ባለቤቱ ይክፈል፤ ውሻውም ከሥራው ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች በመስከረም ቢገዙ ለተከታዩ ዓመት እሸት የማስጠንቀቁን ሥራ ይጀምራሉ፤ ለአደን የሚደርሱት ግን ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ማማውን ማፍረስ አይገባም።